በእጄ የጠፋው የጉሬዛ ባንድ ዘፈን

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር ከቢስቲማ የመጣ አንድ ሰው ደሴ፣ ሆጤ ያለውን ቤቴን አፈላልጎ አገኘና በፌስታል የተጠቀለለ ካሴት አወጣ። በዚያ ካሴት ውስጥ ከአርባ ዓመት በፊት በገዛ እጄ ያጠፋሁት ዘፈን ነበረ። ዛሬም ሳወራው ራሴን የማምን አይመስለኝም። ልጆቼ «እየደጋገምሽ ከምትነግሪን ለምን አትጽፊውም» ስላሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ዘፈኑን ብቻ ባወራ ግን ነገሩ አይገባም፤ ሥራዬን ከመነሻው መናገር አለብኝ።

ሉባባ እባላለሁ። አባቴ ደሴ ላይ ብትን ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ የእሱም አያት ከየመን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስውል፣ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብዬ እዚያው ደሴ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙንና የዘፈኖቹን ስም መጻፍ ነው። አባቴ «የእኔ ልጅ ዘፈን ቤት?» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን የሱቁ ሬዲዮ ተበላሸበትና ራሱ እኛ ዘንድ ይዞት መጣ። ባለሙያው እዚያው ዓይኑ እያየ ሲጠግንለት ኩርፊያውም በዚያው ቀረ።

ያ ባለሙያ ጋሽ ይመር ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋ ከክረምት ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ክርስቲያን ናቸው፤ ሲምሉ ግን እንደ ማንኛውም የደሴ ሰው «ወላሂ» ነው የሚሉት።

እርሳቸው ዘንድ ሥራ የሚጀመረው ከእጅ ነው። ምሳ በልተው ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥበው፣ አድርቀው፣ አሽትተው ካላረጋገጡ ቴፕ አይነኩም። ቅቤ የነካ ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ድምፁ እንዴት እንደሚደበዝዝ ያሰሙኝ እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥመው፣ አልኮል ነክረው፣ የማጫወቻውን ሄድ ያጸዳሉ። ሄድ የምንለው ቴፑ እየታከከው ሲያልፍ ድምፁን የሚያነበውን ትንሽ ብረት ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍኑና በቀጭን ካቻቢቴ የሄዱን ብሎን እያዞሩ ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡት ግን ዜማውን አይደለም፤ ዘፋኙ «ሸ» የሚልበትን ቦታ ነው። ሄዱ በጥቂቱም ከዘመመ «ሸ» እና «ሰ» ይደባለቃሉ። ሲለያዩ ካቻቢቴውን ያነሳሉ።

ሥራው ያለቀለት ሪል፣ ያ ትልቁ ክብ ቴፕ ማለቴ ነው፣ ሰው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ካርቶኑ መመለስ አለበት። ካሴት ደግሞ እስከ ጫፉ ይደመጣል። «ሰው ባዶ ነው ብሎ የተወው ጫፍ ላይ ምን እንዳለ አይታወቅም» ይሉ ነበር። ካርቶኑ ላይ ስምና ቀን ብቻ አይጽፉም። «ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሳለው ከበሮ መቺው ነው» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን እስካሁን ትዝ ይለኛል።

እኔ ከሽፋን ጽሑፍ ወደ ቴፕ የተሻገርኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ ከሚጫወተው ካሴት አንድ ቃል ጆሮዬን ኮረኮረኝና፣ «ጋሽ ይመር፣ ይኼ ሰውዬ ‹ሸጋ› ነው ወይስ ‹ሰጋ› የሚለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የያዙትን ሬዲዮ አስቀመጡት። ቴፑን መልሰው ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ይኼን ጆሮ የት አስቀምጠሽው ነው ስም ስትጽፊ የከረምሽው?» አሉኝ።

በማግስቱ ካቻቢቴውን ሰጡኝ። ያኔ ሴት ልጅ ቴፕ ስትጠግን ማየት ብርቅ ስለነበረ ደንበኞች የእኔን እጅ ለማየት ቆመው ይቀሩ ነበር።

ጉሬዛ ባንድ የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው። ዛሬ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። አንዱ የሽመና ማሽን መካኒክ፣ አንዱ አስተማሪ፣ ሌሎቹም ቀን ቀን የየራሳቸው እንጀራ ያላቸው ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወታሉ። ዘፋኙ ሀብቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከባቲ ቆላ እህል ጭኖ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ደሴ ያራግፋል። አንድ እሁድ ጋሽ ይመር የሪል መቅጃውን መኪና ላይ ጭነው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። የሆቴሉን አዳራሽ ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍነው «የጭጋጉ መንገድ» የሚባል አንድ ዘፈን ቀረጹላቸው። ባንዱ በዕድሜው የቀረጸው ያ አንድ ዘፈን ብቻ ነው። እኔ ሱቅ ልጠብቅ ስለቀረሁ እዚያ አልነበርኩም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሀብቴ ሱቃችን መጣ። ለሾፌርነት ተፈልጎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር ሊሄድ ነው። ጋሽ ይመርን ዘፈኑን ወደ ካሴት እንዲያወርዱለትና የመጀመሪያውን ለሚስቱ ለሙሉ እንዲሰጡለት ለመናቸው። ሌላው ሌላው ከተመለስኩ በኋላ ይደርሳል አለ። እጃችንን ጨብጦን ወጣ።

እሱ እንደወጣ ጋሽ ይመር በሩን ዘጉና ሪሉን አስነሡት። ሽፋን እየጻፍኩ ነበር። መጀመሪያ ቤዝ ጊታር ብቻውን መጣ፤ አራት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ጭነት የከበደው መኪና ዳገት ሲጀምር እንደሚያቃስተው። ከበሮው ሊገባ ሲል አንድ ነገር ወለሉ ላይ ጠሽ አለ። ከበሮ መቺው ዱላውን ጥሎ ነው። ሌሎቹ ግን አላቆሙም፤ ቤዙ ያንኑ ዙር ደገመለት፣ ልጁ ዱላውን አንሥቶ በአምስተኛው ላይ ገባ። ያ ስሕተት የዘፈኑ መግቢያ ሆኖ ቀረ። ሀብቴ ድምፁ ወፍራምም ቀጭንም አይደለም፤ አጠገብህ ተቀምጦ እንደሚያወራህ ሰው ነው።

«ጭጋጉ ቢወርድም ሐረጎ አናት ላይ፣
እግሬ መንገድ ያውቃል ዓይኔ እንኳን ባታይ።»

ቅኝቱ ባቲ ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ግን ኦርጋኑ አንዲት ድምፅ ያዘና አልለቅ አለ፤ ከሥሩ ሁሉም ነገር ተገለበጠና ዘፈኑ አምባሰል ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደረቴ ውስጥ የሆነ በር የተከፈተ መሰለኝ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሳይ ብዕሬን ወረቀቱ ላይ ተጭኜው ቀለሙ የዘፋኝ ስም የጻፍኩበትን ቦታ በሙሉ አጥፍቶታል። ጋሽ ይመርም ማሽኑን አጥፍተው፣

«ልጁ ዘፈኑን እንደ መኪናው ነው የነዳው። ከባቲ አስነሥቶ አምባሰል አደረሰው» አሉ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ይመር የአንድ ሆቴል ድምፅ ማጉያ ሊጠግኑ ኮምቦልቻ ወረዱ። የጉሬዛን ሪል ወደ ካሴት የማውረዱን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ የድምፁን ልክ ለማየት አሮጌ ካሴት ላይ የሙከራ ቅጂ አወጣሁ። ለሙከራ ሲሆን ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አናጠነጥንም፤ በቆመበት ቦታ እንቀዳበታለን። ከዚያ ካሴቱ ወደ አሮጌዎቹ ሳጥን ይጣላል፤ ገበያተኛ ለራሱ መቅጃ ብሎ በርካሽ ይገዛዋል። የሙከራው ቅጂ ጥሩ ሆነ። ዋናውን ልጀምር ስል መብራት ሄደ። ሪሉን ከማሽኑ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ካርቶኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። አልመለስኩትም።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት መዘምራን ሊቀረጹ መጡ፤ ሠላሳ ልጆችና አንዲት ቁጡ አስተማሪ። በጫጫታው መሀል መብራት መጣ። ባዶ ሪል ፈለግሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን የሌለው ሪል አየሁ፤ አነሣሁት፤ ማሽኑ ላይ አስገብቼ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ዘመሩ። ልጆቹ ወጥተው ሪሉን ሳጠነጥን የሪሉ ጠርዝ ላይ በቀይ እርሳስ «ጉ» የሚል የጋሽ ይመር ጽሑፍ እየተሽከረከረ መጣ።

ዘፈኑ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሙከራው ካሴት ትዝ ሲለኝ ወደ ሳጥኑ ሮጥኩ። ሳጥኑ ባዶ ነው። የሰኞ ገበያ ስለነበረ የሱቁ ሻጭ አሮጌ ካሴቶቹን በሙሉ ለአንድ የቢስቲማ ነጋዴ ሸጧቸዋል። ነጋዴው ከሄደ ሦስት ሰዓት አልፎታል።

ጋሽ ይመር በማግስቱ ሲመጡ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እጃቸውን ታጠቡ፣ ሪሉን ማሽኑ ላይ አስገቡና ከመጀመሪያ እስከ ጫፍ አዳመጡት፤ መዘምራኑን፣ ከእነሱ በኋላ ያለውን የባዶ ቴፕ «ሽሽ» የሚል ድምፅ፣ ሁሉንም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሲጨርሱ ሪሉን ካርቶኑ ውስጥ ከተቱና ወደ ቤቴ ሄጄ በነጋታው እንድመለስ ነገሩኝ። ሥራውን ልተው ወስኜ ነበር የሄድኩት። የተመለስኩት እንድመለስ ስላሉኝ ብቻ ነው።

ሳምንት ቆይተው፣ «ለሀብቴ ሚስት ሄጄ ነግሬያታለሁ። አብሽሪ፤ ተረድታለች» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ሀብቴ ከሄደበት አልተመለሰም። መርዶው የመጣው በዓመቱ ነው። ባንዱም ተበታተነ፤ ጉሬዛ የሚለው ስም ከሆቴሉ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም ተሸፈነ።

የቀረውን የሥራ ዘመኔን ባጭሩ ልበለው። ሙዚቃ ቤቱ ተዘጋ። ጋሽ ይመር ቤታቸው በራፍ ላይ ሬዲዮ መጠገን ያዙ፤ እኔ ኮምቦልቻ የአንድ መሥሪያ ቤት የድምፅ ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የወይዘሮ ሙሉ ቤት ከመሥሪያ ቤቴ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ ምሳ ለመብላት ዙሪያውን እዞር ነበር። ይቅር ብለውኛል ብዬ አምን ነበር፤ ዓይናቸውን ማየት ግን አልቻልኩም። በኋላ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። አንድ አለቃ መጥቶ «ይኼን ሁሉ አሮጌ ቴፕ አጥፍታችሁ ለአዲስ ቀረጻ ተጠቀሙበት» ብሎ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ የመዝገብ ክፍሉን በር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ሁለተኛም ጻፈብኝ። ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም፤ እሱ ቀድሞኝ ተዛወረ። ሰዎች ጀግና ነሽ አሉኝ። ከምን የመጣ ጀግንነት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር በዚህ መሀል አረፉ። ከሞቱ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ከልጃቸው ከስንዱ ጎን ተቀምጫለሁ።

እንግዲህ ያ የቢስቲማ ሰው። ስሙ እንድሪስ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። አባቱ ሼህ አሊ መንዙማ የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ካሴቱ ላይ ያለው ድምፃቸው ነው። ልጆቹ በስልካቸው እንዲሰሙት ወደ ፍላሽ እንዳወርድለት ነው የመጣው። የካሴቱ ስፖንጅ ረግፏል፣ ብሎኖቹ ዝገዋል። ቴፑን አውጥቼ ወደ ሌላ ቀፎ አዛወርኩት፣ ቤቴ ያስቀመጥኩትን የአሮጌ ማጫወቻ ሄድ አጸዳሁ፣ የሼሁን «ሸ» እየሰማሁ ብሎኑን አስተካከልኩ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። እንድሪስ ዓይኑን እያበሰ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሰማ። መንዙማው ሲያልቅ ሊነሣ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ አልቋል እኮ። ከዚያ ወዲያ የዘፈን ርዝራዥ ነው፤ አባቴ እዚያ ሲደርስ ማጫወቻውን ይዘጋው ነበር።»

እስከ ጫፉ ይሂድ አልኩት፤ ልማድ ነው። ለጥቂት ሰከንድ የባዶ ቴፕ ሽሽታ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ከዚያ ቤዝ ጊታር፣ አራት ጊዜ። ከዚያ ዱላው ወለሉ ላይ ወደቀ።

ምን እንደሆንኩ በትክክል ልናገር አልችልም። እንድሪስ በኋላ እንደነገረኝ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እል ነበር፤ የታመምኩ መስሎት ውሃ ሊፈልግ ወጥቷል። እኔ የማስታውሰው ሀብቴ ሊዘፍን ሲል ትንፋሹን ሲስብ መስማቴን ነው። ያንን ትንፋሽ ለዘላለም ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ሁለተኛ አጫወትኩት፤ ሦስተኛ። በሦስተኛው ያኔ ያልሰማሁትን ሰማሁ። ዘፈኑ ወደ አምባሰል ሲገለበጥ ከሀብቴ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ። የሴት ድምፅ ነው፤ በጣም ዝቅ ያለ፣ ከማይክራፎኑ የራቀ፣ ግን ቃል በቃል አብሮት የሚሄድ። ያንን ዘፈን ያን ሰኞ በእጄ ቀድቼዋለሁ። ዓይኔ የድምፅ ልኩን መርፌ ሲከታተል ጆሮዬ ሥራ ፈቶ ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ የተመሰገነ ጆሮ አንዲት ሴት ሳይሰማ አልፏል።

እንድሪስ ውሃውን ይዞ ተመለሰ። ካሴቱ እንዴት እጃቸው እንደገባ ጠየቅሁት። አባቱ ከገበያ እንደገዙት ነገረኝና፣ ትንሽ ፈገግ ብሎ ሌላ ነገር ጨመረ።

«አንድ ከደሴ የሚመጣ ሰውዬ ነበር። ቀጭን፣ ኮት የማያወልቅ። በገበያ ቀን እየመጣ አሮጌ ካሴት ያለውን ሰው በየቤቱ ይጠይቃል፤ ሰምቼ ልመልስ ነው ይላል። አባቴ የመንዙማውን እንዳይወስድበት ፈርቶ ጎታ ውስጥ ደበቀው። ለሰውዬው ካሴት የሚባል የለንም አለው።»

«ስንት ጊዜ መጣ?»

«ስንቱን ልቁጠረው እትዬ። እኔ ሳላገባ ይመጣ ነበር፤ አግብቼም ልጅ ወልጄም ይመጣ ነበር።»

ጋሽ ይመር ቢስቲማ አበልጅ አለኝ ነበር የሚሉን። በየጊዜው ሲሄዱ አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።

ዘፈኑን በፍላሽ ይዤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወረድኩ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸሁትን መንገድ ገባሁበት። ወይዘሮ ሙሉ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ሰባውን ያለፉ፣ ጠይም፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ሁለተኛ አላገቡም። እንደምን አደሩ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ዱሮ ከጋሽ ይመር ጋር ሙዚቃ ቤት እሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። ፊታቸው ተዘጋ።

«የዚያን ሰው ስም እዚህ በር ላይ አታንሺብኝ» አሉኝ።

ጋሽ ይመር «ተረድታለች» ብለውኝ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ምኑን ነው የምረዳው? የባሌን ድምፅ ያጠፋው ይመር ነው። በራሱ አፍ ነው የነገረኝ። አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ቆሞ ‹በእጄ አጠፋሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው› አለኝ። ይቅርታ ሊለምን በየዓመቱ ይመጣ ነበር። አንድም ቀን በር አልከፈትኩለትም። ሞተ ሲሉኝም ለቅሶ አልደረስኩም።»

ከጋሽ ይመር ጋር ከዚያ ሰኞ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ሻይ ጠጥተናል፣ በዓል ተጠራርተናል፣ ልጆቼን አቅፈዋል። አንድ ቃል አልወጣቸውም። ያኔውኑ ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኳቸው። «እሳቸው ያን ቀን ደሴ እንኳ አልነበሩም። እዚህ ኮምቦልቻ ነበሩ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መብራቱን፣ ካርቶኑን፣ መዘምራኑን። ከዚያ ዘፈኑ መገኘቱን ነግሬ በያዝኳት ትንሽ ማጫወቻ ከፈትኩላቸው። ሀብቴ መዝፈን ሲጀምር አልተነቃነቁም። ዘፈኑ ወደ አምባሰል ሲዞር ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አሉ።

ያን እሁድ ምሳ ይዘውላቸው መጥተው ከተሰቀለው ብርድ ልብስ ኋላ ቆመው ነበር። ሀብቴ ሦስተኛው ስንኝ ላይ እጃቸውን ስቦ አስጠጋቸው፤ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ እንደሚያደርጉት አብረውት አሉት። ያገባች ሴት ሆቴል ውስጥ ዘፈነች እንዳይባል ለማንም አልተናገሩም፤ የሚያውቁት ሀብቴና የባንዱ ልጆች፣ እሳቸውና ቀራጩ ጋሽ ይመር ብቻ ነበሩ።

«ፎቶግራፍ የለንም። ልጅ አልወለድንም። እኔና እሱ አንድ ላይ ያለንበት ይኼ ብቻ ነው» አሉኝ።

እንደገና እንድከፍተው ጠየቁኝ። ከዚያም እንደገና። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ልነሣ ስል ግን ክንዴን ያዙኝና ይመር ልጅ እንዳለው ጠየቁኝ። ስንዱ የምትባል ልጅ እንዳለቻቸው፣ ደሴ እንደምትኖር ነገርኳቸው።

«ነገ ውሰጂኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ጠበቅኋቸው። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሳይ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ነው የመጡት፤ ከሞቱ አሥራ ስድስት ዓመት ለሆናቸው ሰው። ስንዱ በሩን ስትከፍት እኔን አይታ ፈገግ አለች፣ ከኋላዬ ያሉትን ነጠላ አይታ ደነገጠች። ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ።

«ለአባትሽ ለቅሶ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሙሉ። «የሀብቴ ሚስት ነኝ። ዘግይቻለሁ።»

ገብተን ተቀመጥን። ስንዱ ቆማ ቀረች። እኔም ከዚህ በላይ እንዲቆይ ስላልፈለግሁ፣ ዘፈኑን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን፣ አባቷ በእኔ ፈንታ መኮነናቸውን፣ ይህንንም ትናንት ብቻ መስማቴን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ ሉባባ» አለችኝ።

ሁለታችንም ቀና ብለን አየናት።

«ሊያርፍ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነግሮኛል። ለምን እንዲህ አደረግህ አልኩት። ‹እሷ ናት ብል ኖሮ በሐፍረት ሥራውን ትታ ትሄድ ነበር። እንደዚያ ያለ ጆሮ ሁለት ጊዜ አይመጣም። እኔ ግን የተሾምኩ፣ የተከበርኩ ሰው አይደለሁም፤ ምን ይቀርብኛል?› አለኝ። ለአንቺም እንዳልነግርሽ አስማለኝ።» ከዚያ ወደ ወይዘሮ ሙሉ ዞረች። «ቀርቶበታል ግን፣ እማማ። ከእርስዎ ደጅ በተመለሰ ቀን እህል አይቀምስም ነበር።»

ወይዘሮ ሙሉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ሙሾ ጀመሩ፤ በዚያ ከአርባ ዓመት በፊት ከብርድ ልብስ ኋላ በነበረው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ የይመርን ስም እየጠሩ፣ ኮቱን፣ የእጁን ንጽሕና፣ በር ላይ ቆሞ የተመለሰበትን እየቆጠሩ። ስንዱ እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። እኔ ቀብሩ ላይ የነበርኩ፣ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ያኔ ያለቀስኩት ግን ሥራ ላስተማረኝ አንድ ባለሙያ ነበር። ያን ዕለት ከወይዘሮ ሙሉ ጎን ተቀምጬ ለጋሽ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።